የማኅበራዊ ንቅናቄ ፊልሞች፦ ጎንደር ላይ ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ፊልም እናሳያለን። ንብረታችን አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ አንሶላና ከየቤቱ የተለቀመ ወንበር ነው። የምናሳየው ሰዎች ተሰባስበው አንድን በደል ሲታገሉ የሚያሳዩ ፊልሞችን ነው። ፊልሙ አልቆ ሻይ ሲቀርብ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይመሳሰላል። እስኪ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የማኅበራዊ ንቅናቄ ፊልም ማለት የአክቲቪስቶች ፊልም ማለት ነው?

ቃሉ ነው ያስቸገረን። እኛ አገር "አክቲቪስት" ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ላይቭ የሚገባው ነው። አንድ አባት በር ላይ አስቁመውኝ "የእነዚያ የሚሳደቡት ልጆች ፊልም ነው?" ብለውኛል። አይደለም አባቴ።

ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ፣ ልጄን አላስገርዝም ብላ በሯ ላይ የቆመች እናት፣ በማናውቀው ቋንቋ አንማርም ያሉ ተማሪዎች፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አሉ። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። በደሉ ብቻ ሳይሆን በደሉን ለማስቆም የተሠራው ሥራም መታየት አለበት። ማን ማንን ለመነ? ማን ፈራ? ማን ደብዳቤ ጻፈ? ማን ከመሐል ከዳ? አስለቅሶ አስለቅሶ የሚያልቀውን ግን የሐዘን ፊልም ነው የምለው።

ምንም አይቼ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር?

ከ"ሳራፊና" ጀምሩ። በ1992 የወጣ የደቡብ አፍሪካ ፊልም ነው። ዘፈንና ጭፈራ ስላለው አይከብድም። ታሪኩ የሶዌቶ ተማሪዎች ታሪክ ነው። በ1976 የአፓርታይድ መንግሥት አፍሪካንስን የማስተማሪያ ቋንቋ አደርጋለሁ ሲል ልጆቹ ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው። በየዓመቱ ሰኔ 9 ቀን የሚከበረው የአፍሪካ ሕፃናት ቀን የዚያ ቀን መታሰቢያ ነው። በዓሉን በትምህርት ቤት ከረሜላ እየተቀበልን ስናከብር ያደግን ብዙ ነን፤ ለምን እንደሚከበር የነገረን ግን ጥቂት ነበር።

ቀጥላችሁ "ሞላዴ"ን እዩ። የሴኔጋሉ ኡስማን ሰምቤን በ2004 የሠራው ነው። በአንድ መንደር ሴት ልጆች ሊገረዙ ሲሉ ያመልጣሉ። አራቱ ኮሌ የምትባል ሴት ቤት ይገባሉ። ኮሌ የራሷን ልጅ ሳታስገርዝ ያሳደገች ናት። ምን ታደርጋለች? በግቢዋ በር ላይ ገመድ ትወጥራለች። አለቀ። ያ ገመድ የጥገኝነት ምልክት ነው፤ ማንም ሊረግጠው አይደፍርም። ሰይፍ የለ፣ ጠብመንጃ የለ፣ ገመድ ብቻ።

ይህን ክፍል የጎንደር ሰው ከማንም ቀድሞ ይገባዋል። እጨጌ ቤት ገብቶ የተማጸነ ሰው አይነካም ሲባል ሰምተን ነዋ ያደግነው። ተመልካቾቻችን መሐል አንድ ሽማግሌ "ይሄማ ደወል ደውሎ መማጸን ነው" ብለው በአንድ ቃል አስረዱን። የመንደሩ ወንዶች ደግሞ ሴቶቹን ያበላሸው ሬዲዮ ነው ብለው ሬዲዮ ሁሉ ሰብስበው ያቃጥላሉ። እዚያ ጋ አዳራሹ ሳቀ። ቀጥሎ ዝም አለ።

ጎንደሬ የሠራው ፊልም አለ?

አለ፤ ያውም ዓለም የሚያውቀው። ኃይሌ ገሪማ የተወለደው በ1946 እዚሁ ጎንደር ነው። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ ደራሲና የተውኔት ሰው ነበሩ። ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ መጀመሪያ ቺካጎ ትያትር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። ኋላም ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ።

እሱ የተናገረው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ልጅ እያሉ ሲኒማ ያዩትን የካውቦይ ፊልም በጎንደር ተራሮች ላይ እየሮጡ ይጫወቱት ነበር። ሁሉም ልጅ ታዲያ ካውቦይ መሆን ነው የሚፈልገው። ሕንዶቹ፣ የአሜሪካ ነባር ባለመሬቶች፣ እንዲያሸንፉ የሚመኝ አልነበረም። መሬቱን ከሚነጠቀው ጋር ሳይሆን ከነጣቂው ጋር ይወግኑ ነበር ማለት ነው። ፒያሳ ላይ ጣልያን በሠራው ሲኒማ ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። የኃይሌ ፊልሞች ሁሉ ለዚያ ለልጅነት ጨዋታ የተሰጡ መልሶች ይመስሉኛል።

ከእሱ ሥራዎች ለእኛ ጉዳይ ሁለቱን ልምረጥ። "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ በ1976 የወጣ ነው። የተቀረጸው ልክ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን በሚወርዱበት ሰሞን፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። የጭሰኛ ቤተሰብና የባላባት ታሪክ ነው። ፊልሙ ቀርፋፋ ነው፤ አልዋሽም። ሞፈሩ ሲሄድ፣ ከብቱ ሲነዳ፣ ሴትየዋ እንጨት ተሸክማ ስትመጣ ካሜራው ዝም ብሎ ይጠብቃል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ያወጣሉ። ከገጠር የመጡ ሰዎች ግን ዐይናቸውን አይነቅሉም። የሰው ጉልበት ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ ያለ ስብከት የሚያሳይ ፊልም እንዲህ ነው።

ሁለተኛው "ጤዛ" ነው። በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ጀርመን ሄዶ ሐኪም የሆነው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖ፣ ጣና አጠገብ ወዳለች መንደሩ ይመለሳል። በወጣትነቱ ዓለምን እንለውጣለን ያሉት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ሲበላሉ አይቷል። መንደሩ ውስጥ ደግሞ ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። አፈሳውን የሚያስታውሱ እናቶች ይህን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። "ጤዛ" የንቅናቄ ፊልም ብቻ አይደለም፤ ንቅናቄ ሲከሽፍ ምን እንደሚመስልም ያሳያል። ለዚህ ነው ከሁሉም አስበልጬ የምወደው።

"ድፍረት" እውነተኛ ታሪክ ነው? ለምንስ ታግዶ ነበር?

እውነተኛ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ልብ ወለድ ፊልም ነው። በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በራሱ መሣሪያ ተኩሳ ገደለች። በሰው መግደል ተከሰሰች። ጉዳዩን የያዘው በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷና በፊልሙ ውስጥ የምናያት ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና እስከ 2023 አገልግላለች።

ፊልሙን ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2014 አወጣው። ሰንዳንስና በርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሕዝቡ አዳራሽ ከገባ በኋላ ግን የፍርድ ቤት እግድ ደረሰ። ባለ ታሪኳ ሕይወቴን ያለ ፈቃዴ ፊልም አደረጉት የሚል ቅሬታ ነበራት።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ "ታዲያ ፊልሙ ሐሰት ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ለበጎ ነገር እስከሆነ ምን አለበት" ይላል። ሁለቱም አይዋጥልኝም። ፊልሙ ጥሩ ፊልም ነው። የልጅቷም ቅሬታ ተገቢ ቅሬታ ነው። ስለ ሴት ልጅ ፈቃድ የሚናገር ፊልም የባለ ታሪኳ ፈቃድ ጥያቄ ሲነሳበት፣ ያው፣ ሰው መነጋገሩ አይቀርም።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው "ድፍረት ሕጉን አስቀየረ" ሲል እሰማለሁ። ተሳስቷል። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ይህ የቀረው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻው መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም ይላል። ፊልሙ የመጣው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ሕጉን ያስቀየሩት ፋይል ይዘው ከቢሮ ቢሮ የተንከራተቱት ሴቶች ናቸው።

ታዲያ ፊልም አንድም ነገር ቀይሮ አያውቅም?

ቀይሯል። ግን ብቻውን አይደለም።

የታወቀ ምሳሌ ልስጥ። በ1966 ቢቢሲ "ካቲ ካም ሆም" የሚል ድራማ አሳየ። ቤት አጥተው ከቦታ ቦታ የሚንከራተቱ ባልና ሚስት ናቸው። መጨረሻ ላይ ልጆቿን ከእናትየዋ ጉያ ይነጥቋታል። 12 ሚሊዮን ገደማ ሰው አየው። በቀናት ውስጥ ሼልተር የተባለው ቤት አልባዎችን የሚረዳ ድርጅት ሥራ ጀመረ። ሰው ታዲያ ድርጅቱ ከፊልሙ የተወለደ ይመስለዋል። መሥራቾቹ ግን ዝግጅታቸውን ቀድመው ይዘው ነበር። ፊልሙ ሕዝቡን ሲያናድደው፣ የተናደደው ሰው የሚሄድበት በር ተከፍቶ ጠበቀው።

የቅርቡን ደግሞ እዩ። እንግሊዝ ውስጥ ሆራይዘን የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ገንዘብ ጎደለ እያለ ሲያሳይ፣ ከ900 በላይ የፖስታ ቤት ወኪሎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። ስህተቱ የኮምፒውተሩ ነበር። አላን ቤትስ የሚባል ወኪል ጓደኞቹን አሰባስቦ 20 ዓመት ታገለ። በ2019 ፍርድ ቤት ረቱ። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ስማቸው እንደጎደፈ ቀረ። በጥር 2024 አይቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪኩን በአራት ክፍል ድራማ አሳየ። አገሩ ተንቀጠቀጠ። በግንቦት ፍርዶቹን የሚሰርዝ ሕግ ወጣ። አራት ሌሊት የሠራው ይመስላል፤ 20 ዓመቱን የቆጠረው ግን ጥቂት ነው።

ተከታታይ ድራማስ? እኛ ቤት ከካና ሌላ አይከፈትም።

ተከታታይ ድራማ ከፊልም ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያው ነኝ። ፊልም ሁለት ሰዓት እንግዳ ሆኖ ይሄዳል። ተከታታይ ግን ጎረቤት ይሆናል።

ሬዲዮ ላይ የነበረውን "የቀን ቅኝት" የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከ2002 እስከ 2004፣ 257 ክፍል ተላልፏል። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነበር። ግን ሰው ስለ ኤችአይቪ ልስማ ብሎ አልነበረም የሚያዳምጠው። "ዛሬ ደግሞ ምን ይሆኑ?" ብሎ ነው። ስልቱ ሜክሲኮ ውስጥ በ1970ዎቹ ሚጌል ሳቢዶ የጀመረው ነው። አንድ ጥሩ ሰው፣ አንድ መጥፎ ሰው፣ መሐል ላይ የሚዋልል አንድ ሰው። አድማጩ ከሚዋልለው ጋር ይዋልላል። ጥሩው ብቻ ቢኖር ስብከት ይሆን ነበር።

የካና ድራማ ከዚህ ምድብ ይገባል ወይ ለሚለው፣ አብዛኛው አይገባም። ምራት ከአማት ስትጣላ ማየት ሌላ ደስታ ነው። አልከለክልም፤ እኔም አያለሁ።

ዘጋቢ ፊልም ይሻላል ወይስ ልብ ወለድ?

እንደ ጉዳዩ ነው። አንድ ሰው ያለ ወንጀሉ ታስሮ ከሆነ ዘጋቢ ይሻላል። በ1988 የወጣው "ዘ ቲን ብሉ ላይን" የምስክሮቹን ቃል አንድ በአንድ ሲፈትሽ፣ ቴክሳስ ውስጥ በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት የነበረ ሰው በዓመቱ ከእስር ወጣ። ይህን ልብ ወለድ አይሠራውም።

ለእናቶች ማኅበር የምመክረው ግን ስለ ላይቤሪያ ሴቶች የተሠራውን "ፕሬይ ዘ ዴቭል ባክ ቱ ሄል" ነው፤ በ2008 የወጣ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው በዓሣ ገበያው አጠገብ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ይቀመጣሉ። በ2003 የእርስ በርስ ጦርነቱን ለማስቆም የተጀመረው ድርድር ጋና ላይ ሲጓተት፣ ሴቶቹ ተደራዳሪዎቹ ያሉበትን አዳራሽ በር ዘግተው ሳትስማሙ አትወጡም ይላሉ። ሊያነሷቸው ሲመጡ መሪያቸው ሌይማ ቦዊ ልብሴን አወልቃለሁ ብላ ተነሳች። የእናትን ራቁት ማየት እዚያ እርግማን ነው። "በጠባኸው ጡት" ብላ የምትለምን እናት ባለችበት አገር ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ቦዊ በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኙት ሦስት ሴቶች አንዷ ናት።

ለምን "ሰልማ"ን ታወድሳለህ፣ "ጋንዲ"ን ትነቅፋለህ?

"ጋንዲ" ስምንት ኦስካር የወሰደ ትልቅ ፊልም ነው። እኔ የምለው ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀምጬ ስነሳ አንድ ቅዱስ ሰው አውቄያለሁ፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ግን ብዙም አላወቅኩም።

"ሰልማ" በ2014 አቫ ዱቨርኔ የሠራችው ነው። በ1965 ጥቁር አሜሪካውያን የመምረጥ መብታቸውን ለማስከበር ከሰልማ ከተማ ተነስተው ያደረጉት ጉዞ ነው። እዚህ ማርቲን ሉተር ኪንግ ይጠራጠራል፣ ይደክመዋል፣ ከሚስቱ ጋር ይኮራረፋል። ወጣቶቹ ከተማዋ ውስጥ ቀድመው ሲሠሩ ስለነበር "እናንተ ካሜራ ተከትላችሁ መጣችሁ" ብለው ያፋጥጡታል። ማኅበር ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል! የሚገርመው የንግግሮቹ መብት በሌላ ሰው እጅ ስለነበር ዱቨርኔ የኪንግን ንግግሮች በራሷ ቃል አስመስላ መጻፍ ነበረባት። ካልነገሯችሁ አትለዩትም።

ልጆች ይዤ መምጣት እችላለሁ?

"ሳራፊና" ውስጥ ድብደባና ግድያ አለ፤ ከ14 በታች አልመክርም። "ሞላዴ" ከእናት ጋር ከሆነ ጥሩ ነው፤ የተለመደው ችግር የሚያፍረው እናት እንጂ ልጅ አለመሆኑ ነው። "ጤዛ"ን ለአዋቂ ተዉት።

አማርኛ ትርጉም አላቸው?

የኃይሌ ሁለቱ ፊልሞችና "ድፍረት" በአማርኛ የሚነገርባቸው ናቸው። ለሌሎቹ ከቋንቋ ተማሪዎች አንዱ ማይክ ይዞ ይተረጉምልናል። አንዳንዴ ከፊልሙ በላይ ያስቃል። ትዕግሥት ላለው ግን የሰብታይትል (ከሥዕሉ ግርጌ የሚነበበው ትርጉም) ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ሰዓቱን ሳትነኩ ከሥሩ ያለውን እንግሊዝኛ በአማርኛ መተካት ትችላላችሁ። ለአንድ ፊልም ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። አጭር አድርጉት። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ረጅም ስለሆነ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ያልፋል።

እኛም ሰፈራችን ማሳየት እንፈልጋለን። ምን ያስፈልጋል?

ከሥዕሉ ይልቅ ለድምፁ ተጨነቁ። ሥዕል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ድምፅ ካልተሰማ ግን ወሬ ይጀምራል። ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ፊልም ሠሪዎች በነፃ ለሚያሳይ የሰፈር ስብስብ ደግ ናቸው፤ ከቴሌግራም አውርዶ ማሳየት ግን የሌላውን ላብ መብላት ነው። ለቀበሌው ቀድማችሁ አሳውቁ።

መብራትስ? እሱን ነገር ተዉት። "ሞላዴ"ን ስናሳይ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ነዳጅ የለው። ሰው ሊነሳ ሲል አንዲት እናት "ኧረ እንዲህ ሆኖማ አልሄድም፤ ያየ ካለ ይጨርስልን" አሉ። ፊልሙን ያየች ልጅ ተነሳች። በስልክ መብራት ቀሪውን ነገረችን። እውነት ለመናገር ከሰምቤን የምታንስ አልነበረችም።

ውይይቱን ስትከፍቱ "ምን ተማራችሁ?" አትበሉ። ሰው ፈተና ይመስለውና ዝም ይላል። "የት ጋ ተናደዳችሁ?" በሉ።

ፖለቲካ አይሆንብንም?

ጊዜው ስለሆነ ሁሉም ይጠይቃል። እኛ ሰው ቤቱ ድረስ በሚያውቀው ጉዳይ ጀመርን፦ ያለ ዕድሜ ጋብቻ፣ ውኃ፣ ትምህርት ቤት። ቦታው ላይ ሽማግሌም እናትም ይኖራሉ። ማንም ሰው ሌላውን ሳያስፈቅድ አይቀርጽም። ይህን ስናስታውቅ የሰው ትከሻ ሲላላ ይታያል።

እኔ ራሴ መሥራት ብፈልግስ?

ስልካችሁ ይበቃል። ደረቱ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ግን ግዙ። ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ቦኖ ላይ ጀሪካን የሚደረድሩት ሴቶች ተራውን እንዴት እንደሚያስከብሩ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጣችሁ ብትቀርጹ ፊልም ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ለባለ ታሪኮቹ ከማንም በፊት አሳዩ። አንድ ጊዜ ይህን ሳናደርግ ቀርተን፣ የአንዲት ሴት የቤት ውስጥ ጉዳይ በአራት ደቂቃ ፊልም ውስጥ ለሰፈር ወጣ። ይቅርታ ልንጠይቅ ሄደን ቡና አፍልታ ተቀበለችን። ስለ ፊልሙ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ቅዳሜም ተመልሳ አልመጣችም።